ከፊርማዬ በላይ የነበረው ባዶ ቦታ

ሰኞ፣ ጥር 6

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ዛሬ ተጀመረ፤ እኔ ግን ገና ሳይጀመር ደክሞኛል። የወሊድ ፈቃድ የወጣችው ባልደረባችን ክፍሎች ተጨመሩብኝ። አሁን ስድስት ክፍል አስተምራለሁ፤ ከስልሳ ተማሪ በታች ያለው አንድም የለም። ምክትል ዳይሬክተሯ ድልድሉን እጄ ላይ ስታስቀምጥ «አንቺ ጠንካራ ነሽ» አለችኝ። በዚህ ትምህርት ቤት ጠንካራ የሚባለው እምቢ ማለት ያቃተው ሰው ነው።

ምክትሏ ሚዜዬ ናት። ስዳር ከጎኔ የቆመችው እሷ ነበረች። ማስተማር የጀመርን ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ተካፍለናል፤ እሷ የጠዋት ፈረቃ፣ እኔ የከሰዓት። ከተሾመች ወዲህ ሰው ፊት «ምክትል» እላታለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን ያው ሚዜዬ ናት።

ሚኒ ሚዲያውን ማን ይያዝልኝ? አሥራ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ። ከደረጃው ሥር ያለች አንዲት ክፍል፣ አንድ ማይክ፣ ሁለት ጥሩ መስኮት። አራት ሺህ ተማሪ ጠዋት ተሰልፎ ከዚያች ክፍል የሚወጣውን ይሰማል። ሕጌ አጭር ነው፦ ቀን፣ የሚነበብበት ሰዓትና የኔ ፊርማ የሌለው ጽሑፍ አይነበብም። ቀኑን አሳልፎ የመጣ ጽሑፍ ደግሞ የቱንም ያህል ቢያምር አናቱ ላይ «አልፎበታል» ተብሎ ይጻፍበትና ሣጥን ይገባል። ልጆቹ ይስቁብኛል፤ ግን ያከብሩታል።

ዛሬ ያንን ሕግ ትንሽ አላላሁት። ሃያ ባዶ ወረቀት አመጣሁ። በእያንዳንዱ ላይ ከታች በስተቀኝ «1:50» ብዬ የንባቡን ሰዓት ጻፍኩ፣ አጠገቡ ፈረምኩ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና አንዱን ቁልፍ ለባትሪ ሰጠኋት። ባትሪ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ማይኩ በሞተ ቁጥር ከቦርሳዋ ባትሪ ስለማይጠፋ ነው ስሙ የወጣላት።

«ቲቸር፣ እርስዎ ሳያዩት ላንብበው?» አለችኝ።

«አምንሻለሁ። ያየሽውን ጻፊ» አልኳት።

ሚዜዬ በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር። «ባንክ ቤት ብትሠሪ ኖሮ ይሄኔ ታስረሽ ነበር» አለችና ሳቀች። ሦስታችንም ሳቅን። ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 8

አርባ ሁለት ደብተር አርሜያለሁ፤ ሃያ ይቀራል። ሚዜዬ ሜትር ይዛ መጥታ የሚኒ ሚዲያውን መስኮቶች ለካች። «መጋረጃ ያምርበታል» አለች። ይህን ሁሉ ዓመት ያለ መጋረጃ ኖሬ አንድ ሰው አስታወሰኝ። ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

የመምህራን ስብሰባ። ሚዜዬ አዲስ ፕሮግራም አቀረበች፤ ሃምሳ ጎበዝ ተማሪዎች ተመርጠው ለብቻቸው የሚሠለጥኑበት፣ እሷ የምትመራው። ከበላይ መሥሪያ ቤት ተፈቅዶላታል። «የጎደለን ክፍል ብቻ ነው፤ የሚቆለፍና መብራት ያለው» አለች። እኔ እጄን አውጥቼ የቤተ መጻሕፍቱን ጥግ ጠቆምኩ። አመሰገነችኝ፣ ጻፈችው። ጎረቤቴ የስፖርት መምህሩ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም፤ ሁልጊዜ የሚያስቀው ነገር አያጣም።

ሐሙስ፣ ጥር 16



ጠዋት ሰልፍ ላይ ባትሪ በዚያ ባልቸኮለ ድምጿ እንዲህ ብላ አነበበች፦ «የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ከተቆለፈ ዛሬ ሰባት ሳምንቱ ነው። ሴት ተማሪዎች ከአጥር ውጭ እየወጡ፣ ሲመለሱ በር ይዘጋባቸዋል። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ለሚኒ ሚዲያ ይንገር።»

ከዚያ ሜዳው በጩኸትና በጭብጨባ ተናወጠ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ተቆጣጣሪ ዳይሬክተሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ከቀን ሁሉ ዛሬ!

ቢሮ ተጠራሁ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «መምህርት፣ ይህን ጽሑፍ አይተውታል?»

«አላየሁትም» አልኩ። እውነቴን ነው። አላየሁትም።

«ታዲያ ፊርማዎ ምን ይሠራል እዚህ?»

ሚዜዬ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ቀስ ብላ «የዛሬ ልጆች እኮ ፊርማ ማስመሰል ያውቁበታል» አለች። ዳይሬክተሩ አየኝ። እኔ ምንጣፉን አየሁ። እሱ ጻፈ።

ኮሪደር ላይ ሚዜዬ ክንዴን ይዛ «አዳንኩሽ» አለችኝ። አመሰገንኳት።

ልጅቷ ግን እንዴት እንዲህ ትሠራኛለች? አንድ ቃል «ቲቸር ይህን ልጽፍ ነው» ብትለኝ ምን ነበረበት? አምኜ ቁልፍ ሰጠኋት። ክህደት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ዓርብ፣ ጥር 17

ሁለት ሳምንት ታገደች። ከሚኒ ሚዲያ ወጣች። ማኅደሯ ላይም ተጻፈ። ንባቡም «ሁኔታው እስኪጣራ» ቆሟል። ሲነግሯት እዚያው ነበርኩ። አልተከራከረችም። ወደኔ ዞራ «ቲቸር ያውቃሉ» ብቻ አለች። ዳይሬክተሩ ይቅርታ የጠየቀች መሰለው።

ሰኞ፣ ጥር 20

የባትሪ እናት መጣች። ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ከክፍል አስጠርታኝ የእገዳውን ደብዳቤ ዘረጋችልኝ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም እመቤቴ። ልጄ ‹ቲቸር ታንብብልሽ› ብላ ነው የላከችኝ። እሷ ማንበብ እምቢ አለች።»

አነበብኩላት። «...የመምህርቷን ፊርማ አስመስላ በመፈረም...» እዚያ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። ጉንፋን ይዞኛል አልኳት።

«ልጄ እንዲህ አድርጋለች?»

«ደብዳቤው እንደዚያ ነው የሚለው» አልኳት።

ደብዳቤው እንደዚያ ነው የሚለው። ምን ልበላት? እሷ ግን እጄን ይዛ «ስላነበብሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ክፍለ ጊዜ ያለ ምክንያት ልጆች ላይ ስጮህ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 22

የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ተከፈተ። ማንም ምንም አላለም። እኔም።

ዓርብ፣ ጥር 24

መሳቢያውን በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ባዶዎቹን ወረቀቶች ቆጠርኩ። ከፈረምኩበት ሰኞ ማግስት ጀምሮ እስከዚያች ሐሙስ ስምንት ተነበቡ። አሥራ ሁለት መቅረት አለበት። አሥራ አንድ ነው። ሦስቴ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ።

እሷ ናት እንግዲህ። ሌላ ማን ቁልፍ አለው? ትርፍ ቁልፉ ሚዜዬ ጋ ነው፤ እሷ ደግሞ የኔ ወረቀት ምን ያደርግላታል? አሥሩን ቀዳደድኩ። አንዱን ለምን እንዳስቀረሁት አላውቅም። እዚህ ደብተር መሐል አለ።

እሑድ፣ የካቲት 3

እታለም ጋ ዋልኩ። ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም እንደ መቀሷ ነው። ማሽኑ ላይ ወይን ጠጅ መጋረጃ ተዘርግቷል።

«ያቺ ሚዜሽ ያዘዘችው ነው» አለችኝ። «‹ለአዲሱ ቢሮዬ› አለች። ልኩን እይ፣ ሁለት መስኮት።»

«ለኔ ክፍል ነው። ልታስደንቀኝ ፈልጋ ነው እንደዚያ ያለችሽ።»

እታለም መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ አየችኝ። «አንቺ ከድሮም ሰው ስታምኚ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው» አለች። ሚዜዬን ከድሮም አትወዳትም። ለሰርጌ የሚዜዬን ቀሚስ አስጠብባ ሰፋችባት ተብላ ትታማለች። ቀናተኛ ናት እህቴ።

ሰኞ፣ የካቲት 4

ባትሪ ተመለሰች። እኔ ጋ አልመጣችም። የመሳቢያውን ቁልፍና ስድስት ባትሪ በካልሲ ቋጥራ በጓደኛዋ ላከችልኝ። ካልሲው ታጥቧል።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

የመምህራን ማረፊያ። ስገባ ወሬ ተቋረጠ፤ ጫፉን ግን ሰምቻለሁ። «ምስኪን፣ በገዛ ፈቃዷ ነው አሉ። ደብዳቤ ጽፋለች።» የወለደችው ባልደረባችን ሥራ ልትለቅ ነው ማለት ነው። አዘንኩ። ሳትነግረኝ? ደግሞ ስድስቱም ክፍል እኔው ላይ ሊቀር ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ሳል። ፈተና ማውጣት። አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ጠመኔ በእጄ ይዤ ጠመኔ ስፈልግ ልጆቹ ሳቁብኝ።

ባትሪ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ተዛውራለች። የጻፈችውን ድርሰት አረምኩ፤ ከክፍሉ አንደኛ ነው። ዳር ላይ «ግሩም» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ከዚያ እንደገና ጻፍኩት። አሁን የተደመሰሰ ነገር መስሎ ነው የሚታየው።

ንባቡ መቼ እንደሚጀመር ሚዜዬን ጠየቅኳት። «አንቺ ዕረፍት ያስፈልግሻል» አለችኝ። አሳቢ ናት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ከየት ልጀምር።

ዛሬ የወላጆችና የመምህራን ኮሚቴ ስብሰባ ነበር። አራተኛው አጀንዳ «የክፍል ሽግሽግ» ይላል። ዳይሬክተሩ ተነስቶ «በመጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ ሲሉ ስለከፈሉት መሥዋዕትነት መምህርትን ላመሰግን» አለና ወደኔ አጨበጨበ። ሰዉም አጨበጨበ። እኔም ግራ ገብቶኝ አብሬ ሳላጨበጭብ አልቀረሁም።

ከዚያ ደብዳቤ አነበበ። የኔ ደብዳቤ ነው አለ። «ባለብኝ የሥራ ጫናና የጤና ችግር ምክንያት ሚኒ ሚዲያውን መምራት ስለማልችል፣ ፕሮግራሙ እንዲዘጋና ክፍሉ ለልዩ ሥልጠናው እንዲሰጥ በራሴ ፈቃድ እጠይቃለሁ።» በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ጥር 15 የሚል ቀን ያለው። ባትሪ መጸዳጃ ቤቱን ካነበበችበት ቀን አንድ ቀን ቀድሞ!

«ልየው» አልኩ። ሰጡኝ።

ፊርማው የኔ ነው። ከታች በስተቀኝ። አጠገቡም በእጄ ጽሕፈት «1:50» ይላል። የጻፈችው ሰው ቁጥሩ የፊርማዬ ጭራ መስሏት ይሆናል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ ስል እየሰማች፣ አንድም ቀን አላዳመጠችኝም ማለት ነው። ከሁሉ ያ ለምን እንዳመመኝ አላውቅም።

ቀና ስል ሚዜዬ ታየኛለች። በዚያ ለስላሳ ድምጿ «ምነው፣ ፊርማሽ አይደለም እንዴ?» አለች።

አሥራ ሰባት ሰው ጠበቀኝ። አይደለም ካልኩ ዋሸሁ። ነው፣ ግን ባዶ ወረቀት ላይ ነው የፈረምኩት ካልኩ የሚቀጥለው ጥያቄ የት እንደሚሄድ ታወቀኝ።

«የኔ ነው» አልኩ።

እንደገና አጨበጨቡ።

ደረጃው ላይ ደረስኩባት። «ለምን?» ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

«ደክሞኛል፣ ደክሞኛል ስትዪ አልነበር? አንቺ በአፍሽ የምትዪውን ነው የጻፍኩት።»

«ሠላሳ ጊዜ በሬን አንኳኩተሽ አንዴ ‹ክፍልሽን ስጪኝ› ብትዪኝስ?»

«ትሰጪኝ ነበር?» ዓይኔን ወደ ደረጃው ሥር መለስኩ። «አየሽ። ከፈለግሽ ሂጂና ተናገሪ፤ ባዶ ወረቀት ላይ እየፈረምኩ አድል ነበር በያቸው። ያኔ ስለ ልጅቷ ይጠይቁሻል። እኔ አንድ ነገር ጠቆምኩ፤ ዝም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ትከሻዬ ላይ የነበረ ጠመኔ አራግፋልኝ ሄደች። ልክ በሰርጌ ቀን ቬሌን እንዳስተካከለችልኝ። ተከዳሁ። በገዛ ሚዜዬ፣ በገዛ ፊርማዬ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ደብዳቤው ከውሳኔው ጋር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ማይኩንና ማጉያውን ስቶር አስገቡት። ስፖርት መምህሩ «እኔ እኮ ያኔ ጎሸም ያደረግኩሽ ለዚህ ነበር» አለኝ። አሁን ምን ያደርግልኛል?

ዓርብ፣ መጋቢት 6

ሰሌዳው ፊት ባትሪ ቆማለች። ላልፋት ነበር።

«ቲቸር፣ ይሄ የኛ ወረቀት ነው» አለችኝ። ጣቷን «1:50» ላይ አድርጋለች። «እርስዎ ደብዳቤ ላይ ሰዓት አይጽፉም።»

«አዎ» አልኩ።

«እንዲዘጋ እርስዎ አልጠየቁም።»

«አልጠየቅኩም።»

«ከተለጠፈ ጀምሮ ጠበቅኩ። ቲቸር ዛሬ ይናገራሉ፣ ነገ ይናገራሉ እያልኩ።» ዓይኗን ከወረቀቱ አላነሳችም። «በጥርም ጠብቄ ነበር። ከቢሮ እስክወጣ። ከዚያ እናቴን ላክኋት።»

ደወል ተደወለ። ቦርሳዋን አንግታ ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ እዚያው ቆሜ የራሴን ፊርማ ሳነብ ቀረሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 8

ለእታለም ሁሉንም ነገርኳት። ሚዜዬ የሠራችኝን ስነግራት መቀሱን አስቀምጣ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለች፤ እንባዬን ጠረገችልኝ፤ ቀድሞ ነግሬሽ ነበር አላለችም። የልጅቷን ስነግራት ግን እጇን አነሳች።

«ቆይ፣ ቆይ። ለእናትየዋ ደብዳቤውን ያነበብሽላት አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«በራስሽ አፍ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ!»

መነጽሯን አወለቀች። «በይ እንግዲህ ሚዜሽን አትርገሚ» አለችኝ። «እሷ ያንቺን ወረቀት ወሰደች። አንቺ የሰው ልጅ ስም ነው የወሰድሽው።» መጋረጃውን የሰፋችው ራሷ እታለም መሆኗን ልነግራት ፈለግኩ፤ ግን ምን ያገናኘዋል? ያለኝን ክፉ ቃል ሁሉ ለሚዜዬ ነበር ያስቀመጥኩት። ለራሴ የሚተርፍ መኖሩን አላሰብኩም።

ጥር 16ን ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። «እውነቴን ነው። አላየሁትም» ብዬ ጽፌያለሁ። ደብተሩን ወርውሬ መልሼ አነሳሁት። ያስቀረሁት ወረቀት ወደቀ። ፊርማው ቀድሞ አለ፤ ከላዩ ያለውን ቦታ ብቻ ነው መሙላት የሚጠበቅብኝ። በአንድ ትንፋሽ ሞላሁት።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ አነበበው። «መምህርት፣ ይህ ከገባ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብዎታል። ማስተባበርም አይታሰብም። ክፍሉም አይመለስም፤ መጋረጃ ሁሉ ተሰቅሏል።»

«የልጅቷ ማኅደርስ?»

«እሱ... ይነሳል። ምን ይደረግ።»

ቅጂውን ማኅተም መትቶ ተቀበለኝ። ሚዜዬን ጠራት፤ አጠገቡ ቆማ አነበበችው። «አበደች» አለች፤ ለሱ እንጂ ለኔ አይደለም። ስወጣ በደረጃው ሥር አለፍኩ። ወይን ጠጁ መጋረጃ በእርግጥም ያምራል። እታለም ስፌት አትችልም አይባልም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 10

ማይክ ስለሌለ ወረቀቱን ይዤ የባትሪ ክፍል ገባሁ። ስልሳ አራት ተማሪ። ሰዓቱ ልክ 1:50 አልነበረም፤ ሦስት ሰዓት አልፏል።

አነበብኩት። «በጥር ወር በሚኒ ሚዲያ በተነበበው ጽሑፍ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው። ማንም አላስመሰለውም። ያየችውን እንድትጽፍ ባዶ ወረቀት ፈርሜ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ተማሪዋ እውነት ጻፈች፤ እኔ ስጠየቅ ዝም አልኩ። በዝምታዬ ተቀጥታለች።» ሌላም ነበረው። ድምፄ እስከ መጨረሻው አደረሰኝ።

ማንም አላጨበጨበም። ባትሪ ከኋላ ተነስታ መጣች። እጇን ዘረጋች፤ ወረቀቱን ሰጠኋት። ከላይ እስከ ታች አየችው፤ እንዳስተማርኳት፣ በመጀመሪያ የታችኛውን ቀኝ ጥግ።

«ቲቸር፣ ቀን የለውም።»

እውነቷን ነው። ረስቼዋለሁ። እስክሪብቶ አወጣሁና «መጋቢት 10» ብዬ ጻፍኩ።

ቀኑን አየችው። እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስተካክላ ዘረጋችው፤ አናቱ ላይ በዚያ ክብ ክብ ጽሕፈቷ «አልፎበታል» ብላ ጻፈች። ልክ ናት። ሕጉ የኔ ነው።

ሣጥን ግን ስለሌለን ልትመልስልኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ለእማዬ ላነብላት ነው» አለችና ወደ ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች።